ሰባተኛዋ ጠገራ

አባቴ ስለ ብር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የእኛ የቤተ እስራኤል ሰው ሲባል ሁሉም አንጥረኛ የሚመስለው ስለማይጠፋ ነው። አባቴ ቢራራ አራሽ ነበር። ወገራ ሳለ ከበሬና ከገብስ በቀር ሌላ ሙያ አልነካም። እስራኤል አገር፣ ሐዴራ ከመጣን በኋላ ደግሞ ጋን ሽሙኤል የጭማቂ ፋብሪካ ገብቶ የብርቱካን ሣጥን ይገፋ ጀመር፤ ማታ ሲገባ ጃኬቱ የተጨመቀ ብርቱካን ይሸታል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው በአርባ ዓመቱ አሮጌ ጠገራ ብር ገዢ የሆነው፤ ያውም እኔን አስተርጓሚ አድርጎ።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠና አራት ነው። በዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው ከመጡት ነን። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ቤት ውስጥ ውዴ ነኝ፣ ትምህርት ቤት ግን መምህሯ ሊሞር ብላኛለች። ክፋር ብራንዳይስ የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን፤ አባቴ፣ እናቴ አይናዲስና እኔ። አራተኛም ነበረን። ታናሽ ወንድሜ ያየህ አዲስ አበባ ሆነን አውሮፕላኑን ስንጠብቅ ሞተ። ቤታችን ውስጥ ስሙ አይነሳም ነበር።

የማይነሳው የእሱ ስም ብቻ አይደለም። እናቴ አባቴን ማነጋገር ካቆመች ቆይታለች። የምትለው ካላት በእኔ በኩል ነው። እሱ እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ፣ “ውዴ፣ አባትሽን እራትህ ቀርቧል በዪው” ትላለች። እኔም ዞር ብዬ፣ “አባዬ፣ እራትህ ቀርቧል” እላለሁ። እሱም፣ “እግዜር ይስጥልኝ በያት” ይላል። ሌላ ሰው ቤት እንዴት እንደሚነጋገሩ ስለማላውቅ አይገርመኝም ነበር። እንዲያውም ያለ እኔ ቤቱ የማይቆም እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የበዓላቱ ሰሞን እንዳለፈ፣ አንድ እሑድ አመሻሹ ላይ ሽማግሌዎች መጡ። አባ ማንያዘዋል ካፖርት ላይ ጋቢ ደርበዋል፤ የአገራችን ሰው በሙሉ ቃላቸውን የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው። አብሯቸው የእናቴ አጎት ገሠሠ ነበር። እኔን አንድ እፍኝ የሱፍ ፍሬ አስጨብጠው ወደ በረንዳው አስወጡኝና የመስታወቱን በር ዘጉብኝ። በአንድ በኩል የኤሌክትሪክ ማመንጫው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ይታዩኛል፣ በሌላ በኩል የትልልቆቹ አፍ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። እናቴ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ታያለች። አባቴ ግን በገዛ ቤቱ ቆሟል። በሩ ደህና አድርጎ አይገጥምም ነበርና ድምፃቸው ቀስ በቀስ ተሰማኝ።

“በወረቀት ገንዘብ አይሆንም፣ ቢራራ” አሉ አባ ማንያዘዋል። “ይዛ የመጣችው ብር ነው። ብር ይመለስላት።”

“ይመለሳል፣ አባ። ጊዜ ግን ይስጡኝ።”

“እስኪሞላ ድረስ ከቤቷ አትነቃነቅም፤ እኔ ለምኜ እሺ አሰኝቻታለሁ” አለ ገሠሠ። “ከሞላ በኋላ ግን አንተም አታስቸግራት። ቤሴደር?”

“ቤሴደር፣ እሺ” አለ አባቴ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ዳቦውንም ሻዩንም ሳይነኩ ወጡ። አባቴ እስከ ደረጃው ሸኝቷቸው ሲመለስ በር ላይ ጠበቅሁት።

“ምን አሉህ፣ አባዬ?”

“የእናትሽን ድሪ መልስላት ነው የሚሉኝ።”

“ልትገዛላት ነው?”

“አዎ፣ ልገዛላት ነው” አለኝ።

ያንን ድሪ አውቀዋለሁ። ሰባት ጠገራ ብር ነው፤ አንጥረኛ ለእያንዳንዳቸው ጆሮ አበጅቶላቸው በጥቁር ክር የተሰኩ፣ አያቴ ለሠርጓ የሰጧት። እናቴ ጎንበስ ባለች ቁጥር ደረቷ ላይ ሲጋጩ እሰማለሁ። አዲስ አበባ ስንገባ ግን ከአንገቷ ጠፋ። ሌባ በዝቷል ተባለ፣ ተሸሽጓል ተባለ፣ ከዚያ ወሬውም ቀረ። ስለዚህ ነገሩን በልጅነት ጭንቅላቴ ገጣጠምኩት። እናቴ ያኮረፈችው ድሪዋ ስለጠፋ ነው፤ አባቴ መልሶ ይገዛላታል፤ የሞላ ዕለት ታናግረዋለች። ያን ሌሊት ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ግማሹ እውነት ነበር። ጠቡ የመጣው በእርግጥ ከድሪው ነው። አዲስ አበባ ሳለን እናቴ ሌባ ፈርታ ድሪዋን አውልቃ ለአባቴ ሰጠችው፣ እሱም ወገቡ ላይ ታጠቀው። ከዚያ፣ ስማችሁን ከተራው ወደፊት አመጣላችኋለሁ የሚል ደላላ አገኘውና ሳይነግራት አውጥቶ ሰጠው። ደላላው በዚያው ጠፋ። ቆይቶ ያየህን ትኩሳት ያዘው። እናቴ፣ “ብሩን ሽጠህ የግል ሐኪም ጋ እንውሰደው” ስትለው ነው አባቴ ያደረገውን ያወጣው። ልጁ አልቆየም። ግንቦት ላይ ደግሞ አውሮፕላኑ ለደላላ የከፈለውንም ያልከፈለውንም እኩል ጭኖ መጣ። እናቴ ይህን የነገረችኝ እኔ ራሴ ወልጄ በተኛሁበት፣ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ ነው።

ሽማግሌዎቹም ለዕርቅ አልነበረም የመጡት። ዕርቁ ከዚያ በፊት ተሞክሮ እምቢ ብሏል። እናቴ ፍቺ ጠይቃ ነበር። እነ አባ ማንያዘዋል ይዘውት በመጡት ደንብ ሴት ከትዳሯ ስትወጣ ይዛ የገባችውን ይዛ ትወጣለች፤ ብር ከሆነም በብሩ። ሰባቱ ጠገራ እስኪሞሉ ትቆያለች፣ በሞሉ ዕለት ትሄዳለች። ከቤታችን ሰው ይህን የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የመጀመሪያዋን ጠገራ የገዛናት ዓርብ ጠዋት ሹክ በሚሉት ገበያ ውስጥ፣ የተሰበረ ሰዓትና ዝገት የበላው ቁልፍ ሸራ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰውዬ ነው። አባቴ አንስቶ እንደ አገር ቤት ሰው ብሩ ላይ የተቀረጸችው ሴትዮ ዘውድ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች በጥፍሩ እየነካ ቆጠረ፣ ትከሻዋ ላይ ያለችውን ጌጥ አየ። እኔ ደግሞ ቁጥሩን አነበብኩለት፤ ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ።

“የአያቴ አያት እንኳ አልተወለዱ!” አለ ተደስቶ። ጠገራዋ ታብረቀርቃለች፣ አንድ ጭረት አልነበረባትም። ገዛናት።

ቤት ስንደርስ እናቴ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖራት። እናቴ እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ ጠገራዋን አነሳች፣ ከፍ አድርጋ ወለሉ ላይ ለቀቀቻት። ጠቅ አለች። ሌላ ድምፅ የለም።

“ውዴ፣ አባትሽን የገዛኸው ቆርቆሮ ነው በዪው።”

“አባዬ፣ ቆርቆሮ ነው አለች።”

“ሰምቻለሁ” አለና ጎንበስ ብሎ ከሶፋው ሥር ለቀማት። እኔ እናቴ ልታስተምረው የፈለገች መሰለኝ። ሚስት ባሏ እንዳይሞኝ ስታግዝ አድርጌ ነው ያየሁት።

ፋብሪካ አብሮት የሚሠራ ያኢር የሚባል የየመን አይሁዳዊ ነገሩን ሰምቶ፣ “ናሕሊኤል ሰፈር፣ አክስቴ ጋ ሂድ” አለው። አክስቱ ሌአ ትባላለች። ሟች ባሏ አንጥረኛ ነበር፤ ከየመን ሲመጣ ይዞት የመጣው ጠገራ ሳይሠራበት ተቀምጧል። የእነሱም አገር ለካ በዚህችው በሴትዮዋ ብር ነው ሲገበያይ የኖረው።

ቤቷ ዝቅ ያለ ነው፤ ግድግዳው እርጥበት ጠጥቶ ቀለሙ ይረግፋል። ሌአ አጭር፣ ፈጣን፣ ጣቶቿ በቀለበት የታጠሩ አሮጊት ናት። ቁጭ በሉ ብላን አንድ ጥቁር የጨርቅ ከረጢት አመጣችና ትሪ ላይ ገለበጠችው። የብሩ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እናቴ ጎንበስ ስትል የምሰማው ድምፅ ነበር፤ አባቴ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። ጠገራዎቹ ግን ጥቁር ነበሩ፣ ከእሳት የወጡ ይመስላሉ።

“ቆሻሻ ነው ወይ በያት” አለኝ።

“ዕድሜው ነው” አለች ሌአ። “ንገሪው፣ አሮጌ ብር አያብረቀርቅም። የሚያብረቀርቅ ካየ ይሽሽ።”

አንዷን ጣቷ ጫፍ ላይ አስቀምጣ በሌላዋ መታ አደረገቻት። ቀጭን ድምፅ ወጣና ቶሎ አልጠፋም። “ካኻ” አለች በዕብራይስጥ፣ “እንዲህ ስትል ብር ናት።” የአባቴን ጣት ይዛ ጠርዙን አስዳሰሰችው፤ ጠርዙ ላይ ፊደል አለ። ቁጥሩም እንዳያታልለው ነገረችው። ሁሉም ላይ አንድ ዓመት ነው የተጻፈው፣ ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም ጭምር። እኔ ይህን ስተረጉም ጠገራዎቹ ዕድሜያቸውን የሚደብቁ ሴቶች መሰሉኝና ሳቅሁ።

“ስንት ነው የሚፈልገው?” አለችኝ።

“ሰባት።”

“እዚህ ከሰባት በላይ አለ። በአንድ ጊዜ ይውሰድና ይገላገል፤ እቀንስለታለሁ።”

ተረጎምኩለት። አባቴ ትሪውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ መልሶ ትሪውን አየ።

“አይሆንም” አለ። “አንድ አንድ እያልኩ ነው የምገዛ። ገና ጀማሪ ነኝ በያት። ልማር።”

እውነቱን ነው ብዬ አመንኩት። አንዷን ብቻ ይዘን ወጣን። ቤት ገብቶ በሎሚና በጨው ሲፈትጋት ዋለ፤ “ጥቁር ብር ለሴት አይሰጥም” ይለኛል። እጁ እስኪቆስል ፈትጎ አበራት። በሚቀጥለው ዓርብ ሌአ እንድታይለት ይዟት ሄደ። እሷ ግን ስታያት ጉንጯን በመዳፏ መታች።

“ዋይ፣ ገደላት! አሁን የትኛው አሮጌ ብር ሰብሳቢ ይገዛታል?”

“የምትቀበለኝ ሰብሳቢ አይደለችም በያት” አለ አባቴ።

እንዲህ ሆኖ ክረምቱ ገባ። የሐዴራ ዝናብ ከባሕሩ በኩል ተግተልትሎ ይመጣል፤ እኛ በአንድ ጃንጥላ ተጠጋግተን ናሕሊኤል እንሄዳለን። አባቴ ከሌአ ፊት ለፊት ይቀመጥና ጠገራዎቹን አንድ በአንድ ያነሳል። ይቺ ዘውዷ ተልጧል። ይቺ ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ አይታይም። ይቺ ተበስታለች፣ ይቺ ሳስታለች። እኔ ጥፋታቸውን እየተረጎምኩ በአባቴ እኮራለሁ። ትናንት ቆርቆሮ የገዛ ሰው ዛሬ ከአሥር አንዱን እንኳ እሺ አይልም። አንዳንድ ዓርብ ጭራሽ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን፤ በእንዲህ ያለው ቀን ደግሞ በመንገድ ላይ ያፏጫል።

አንድ ቀን ሌአ እሱን ትታ እኔን አየችኝ።

“አባትሽ መግዛት የማይፈልግ ገዢ ነው” አለችኝ።

ሰድባው ነው ብዬ ተቆጣሁና ሳልተረጉምለት ቀረሁ።

ያም ሆኖ ስድስት ደረሱ። በነጭ መሀረብ ቋጥሮ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። እናቴ ዕቃ ስታጥብ አንድ ማታ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ “ስንት ቀረው?” አለችኝ። ስለ እሱ ነገር ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው። 

“አንድ ብቻ!”

“ሴትዮዋ ጨርሳለች እንዴ?”

“ኧረ፣ ትሪዋ ሙሉ ነው! አባዬ ግን አይወድለትም። ጎበዝ ሆኗል እኮ።”

እናቴ የውኃውን ቧንቧ ዘጋችና ቆመች። ከዚያ መልሳ ከፈተችው።

እኔ ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት። “እማዬ ስንት ቀረው ብላ ጠየቀችኝ!” አልኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ እንዳለ ቀረ፤ ቀና ሳይል፣ “ጎበዝ ልጄ” አለኝ።

ከዚያ በኋላ ናሕሊኤል መሄድ አቆመ። አንድ ዓርብ ዝናብ ነው ይላል፣ ሌላ ዓርብ ሌአን አሟታል ይላል፣ ሌላ ዓርብ መፍዓሉ፣ ማለት ፋብሪካው፣ ትርፍ ሰዓት አዞኛል ይላል። እኔ እነዘንዘዋለሁ። “አባዬ፣ አንዷን ብቻ! አባዬ፣ ዛሬ እንሂድ!” እናቴ በስልክ ናታንያ ካለችው እህቷ ከየሻሽወርቅ ጋር ስታወራ እሰማለሁ፤ “ክፍሉ ለሁለት ሰው ይበቃል?” ትላታለች። ለፋሲካ ልንዘልቅ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ለሁለት ሰው ለምን እንደሆነ ግን አልመረመርኩትም።

በመጨረሻ ንዝንዜ አሸነፈውና ሄድን። ሌአ ትሪውን አቀረበች። አባቴ እያንዳንዷን አየና መለሰ። አንዷን ግን ጣቱ ጫፍ ላይ አስቀምጦ መታት፤ ወደ ጆሮው አስጠግቶም ረጅም ጊዜ ያዛት።

“ይቺ አትጮህም” አለ።

እኔ ግን ሰምቻታለሁ። ጥርት ብላ ነው የጮኸችው። የእኔ ጆሮ ገና ስላልተማረ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ባለፈው ዓመት፣ አባቴ ጡረታ ወጥቶ፣ እኔም ብቻዬን ልጠይቀው ሐዴራ በሄድኩበት ይህን ቀን አነሳሁለት። የቆሰለ እግሩን የረገጥኩበት ያህል ፊቱን አጨማደደ። “ጮኻ ነበር” አለኝ። “ምን ላድርግ? ከገዛኋት ትሄዳለች። ዓርብ በመጣ ቁጥር አንድ ሳምንት ጨመርኩ እላለሁ። አንድ ቀን ፊቷ ይፈታልኝ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ተንኮል የለኝም።” ከዚያ ሻይ ልቅዳልሽ ብሎ ተነሳ።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው የመጡት ዝናቡ እያባራ ባለበት አንድ እሑድ ነው። በዚህ ቀን ማንም ወደ በረንዳው ያስወጣኝ የለም፤ መኖሬንም የረሱ ይመስለኛል። አባ ማንያዘዋል ተቀመጡና በትራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቆሙ።

“እስከ መቼ ነው፣ ቢራራ?”

አባቴ መሀረቡን አመጣና ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ስድስቱም እንደ መስታወት ያበራሉ።

“ሰባተኛዋ አልተገኘችም፣ አባ። ደህናዋ አልተገኘችም። እርስዎ ይፍረዱ፣ መናኛ ልስጣት?”

ገሠሠ ሊናገር አፉን ከፈተ። እናቴ ግን ከኩሽናው በር ላይ፣ “ቆይ፣ አጎቴ” አለችው። መጣችና እጇን ከቀሚሷ ኪስ አወጣች። መዳፏ ላይ አንዲት ጠገራ አለች፤ ጥቁር፣ ሎሚ ያልነካት። ለካ ከምታጸዳበት የአረጋውያን ቤት ስትወጣ ብቻዋን ናሕሊኤል ሄዳ ሌአን አግኝታታለች።

ለሽማግሌዎቹ አልሰጠቻቸውም። የአባቴን እጅ ያዘች፣ ጠገራዋን መዳፉ ላይ አኖረች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት።

“ይቺውልህ” አለችው። “አሁን ስጠኝ፣ ቢራራ።”

በእኔ በኩል አልነበረም። ስሙን ጠርታ፣ ዓይኑን እያየች ነው።  ከራሷ ደሞዝ ገዝታ ሞላችለት ብዬ አሰብኩ፤ ያን ያህል ታርቃዋለች ብዬ። አባቴ እጁን ጨብጦ ቆየ። አንዴ አባ ማንያዘዋልን አየ፣ እሳቸው ግን መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ እጁን ከፈተ፣ ጥቁሯን ከስድስቱ ጋር ቀላቀለ፣ መሀረቡን ቋጠረና በሁለት እጁ ሰጣት። እሷም በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ያኔ ነው እልል ያልኩት። ሠርግ ላይ ሴቶቹ ሲያደርጉ እንደማየው አፌን በእጄ ከልዬ፣ ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ እልልልል አልኩ። የተቀበለኝ ሰው የለም። ገሠሠ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባ ማንያዘዋል እጃቸውን አነሱ።

“ዝም በይ፣ ልጄ። ዝም…”

“ይተዉአት፣ አባ” አለ አባቴ። “ትበል። አታውቅም።”

እናቴ መሀረቡን እንደያዘች የእኔን ካፖርት ልታመጣ ወደ ውስጥ ገባች። እኔም፣ እንደተደሰቱ እርግጠኛ ስለነበርኩ፣ እልልታዬን ደገምኩት።